ራሙ ገባ፣ ኮምፒውተሩ ግን አልነሳም አለ፦ ለቆየ ኮምፒውተር የሚስማማ ራም አመራረጥ

ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ1 ላፕቶፕ 4 ጊጋ ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ይዞ እየተንቀራፈፈ ነው። ከሌላ የቆየ ላፕቶፕ የወጣ 4 ጊጋ ራም ደግሞ እጅ ላይ አለ። ሁለቱም ዲዲአር3፣ ሁለቱም 204 ፒን (የመገናኛ ጥርስ)፣ ፍጥነታቸውም ሁለቱም 1600 ናቸው፤ ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው መንታ ይመስላሉ። ባዶው ስሎት ውስጥ ሲያስገቡት ያለ ትግል ይገባል፣ ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎችም ቀጭ ብለው ይይዙታል። ፓወር ሲጫኑ መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ «ራሙ ተቃጥሏል» ብሎ ይደመድማል። ራሙ ግን ደህና ነው፤ ወደ ወጣበት ላፕቶፕ ቢመለስ ይሠራል። ልዩነቱ ስቲከሩ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ናት፦ የላፕቶፑ ፒሲ3ኤል ይላል፣ የተጨመረው ፒሲ3።

ለቆየ ኮምፒውተር ራም ሲገዛ ገንዘብ የሚያስበላው ስህተት እንዲህ ያለው ነው። ቅርጹ የማይገጥመውን ራም ስሎቱ ራሱ አያስገባውም፤ ሻጩም ገዢውም ወዲያው ያዩታል። አታላዩ ልክክ ብሎ ገብቶ የማይሠራው ነው። ስሎቱ የሚያጣራው ትውልዱን (ዲዲአር2፣ ዲዲአር3 ወይም ዲዲአር4 መሆኑን) ብቻ ነውና። ቮልቴጁን፣ የቺፑን መጠንና የራሙን ዓይነት የሚያጣራው ራሙን የሚያዝዘው ክፍል፣ ማለትም የሜሞሪ ተቆጣጣሪው ነው። ይህ ተቆጣጣሪ በኢንቴል ኮር 2 ዱዎ ዘመን ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ቺፕሴት (ክፍሎቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ቺፕ) ውስጥ ነበር፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመጡት ኮር አይ ፕሮሰሰሮች ወደ ፕሮሰሰሩ ገባ። ስለዚህ «ይህ ማሽን ምን ራም ይቀበላል?» ሲባል በኮር 2 ዱዎ ላይ የሚታየው ቺፕሴቱ፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ላይ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ነው።

እውነት የጎደለው ራም ነው?

ገንዘብ ከማውጣት በፊት አምስት ደቂቃ ይስጡት። ኮምፒውተሩ ላይ ዘወትር የሚከፍቷቸውን ሁሉ ይክፈቱና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማኔጀርን ያስነሱ። «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ ሜሞሪው 85 ወይም 90 በመቶ ደርሶ ከሆነ ራም መጨመር ይታወቅዎታል። ሜሞሪው 60 በመቶ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ የሚቀር ከሆነ ግን ችግሩ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው፤ ገንዘቡን ለኤስኤስዲ፣ ማለትም ለማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ ያውሉት። 8 ጊጋ ራም ያለው ባለ ሃርድ ዲስክ ላፕቶፕ ላይ ወደ 16 መሄድ ዊንዶውስ ሲነሳ የሚወስደውን ሦስት ደቂቃ አያሳጥረውም።

እዚያው የሜሞሪው ገጽ ላይ፣ ከታች በኩል፣ ሌሎች ጠቃሚ መረጃዎች አሉ፦ ስንት ስሎት እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ፣ ራሙ በምን ፍጥነት እየሠራ እንደሆነ፣ ቅርጹም። ቅርጹ «ሶዲም» ካለ አጭሩ የላፕቶፕ ራም ነው፣ «ዲም» ካለ ረጅሙ የዴስክቶፕ። «ሮው ኦፍ ቺፕስ» የሚል ካዩ ግን ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ አይነቀልም። ሌኖቮ ቲ440ኤስ ላይ 4 ጊጋ ተበይዶ አንድ ስሎት ብቻ ተጨምሯል፤ 8 ጊጋ ሲገባበት 12 ላይ ይቆማል። ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርበንና ሬቲና ስክሪን ያላቸው ማክቡክ ፕሮዎች ላይ ደግሞ ራሙ በሙሉ የተበየደ ስለሆነ ምንም መጨመር አይቻልም።

ታስክ ማኔጀር «ሁለት ስሎት፣ ሁለቱም ተይዘዋል» ብሎ፣ የላፕቶፑን ሆድ ሲከፍቱት አንድ ራም ብቻ ካዩ አይደናገጡ። ቲንክፓድ ቲ420 እና ቲ430 ላይ አንዱ ስሎት ከሥር ክዳኑ በታች፣ ሌላው ኪቦርዱ ሥር ነው። ኪቦርዱን ማንሳት ሁለት ብሎን መፍታትና ወደ ስክሪኑ ገፋ ማድረግ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሪባን ኬብል እንዳይጎተት ግን በቀስታ።

ስቲከሩን ማንበብ

ራም ሲመርጡ ከሻጩ ቃል ይልቅ ራሙ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ታምናለች። አንድ የተለመደ የላፕቶፕ ራም ላይ እንዲህ ይላል፦ «4ጂቢ 2አር×8 ፒሲ3ኤል-12800ኤስ»። በላቲን ፊደል የተጻፈውን አንድ በአንድ እንፍታው።

4ጂቢ መጠኑ ነው። «2አር×8» ለጊዜው ይቆይ፤ ኋላ ላይ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው የሚሆነው። «ፒሲ3» ማለት ዲዲአር3 ነው፤ ፒሲ2 ዲዲአር2፣ ፒሲ4 ደግሞ ዲዲአር4። እነዚህ ትውልዶች በምንም ዓይነት አይለዋወጡም። የዴስክቶፕ ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 ሁለቱም 240 ፒን ስላላቸው ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታል፤ ጥርሱ መሐል ያለችው ቅርጭት ግን ቦታዋ ይለያያል። ዲዲአር4 የዴስክቶፕ 288፣ የላፕቶፕ 260 ፒን ነው። ቅርጭቷ ከስሎቱ ጉብታ ጋር ካልተገጣጠመች ራሙን ገልብጠው ይሞክሩት፤ አሁንም ካልሆነ ተዉት። ተጭነው ያስገቡት ራም ራሱንም ስሎቱንም ይዞ ነው የሚሄደው።

ቀጥሎ ያለው 12800 ራሙ በሰከንድ የሚያሳልፈው ሜጋባይት ነው። ራም በአንድ ጊዜ 64 ቢት፣ ማለትም 8 ባይት ስለሚያሳልፍ ቁጥሩን ለ8 ሲያካፍሉት ፍጥነቱን ያገኛሉ፦ 12800 ለ8 ሲካፈል 1600። 10600 የሚለው 1333 ነው፣ 8500 የሚለው 1066። ዲዲአር4 ላይ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ ራሱ ይጻፋል፣ ለምሳሌ ፒሲ4-2400ቲ ተብሎ፤ ፒሲ4-19200 የሚል ካጋጠመዎ ግን ያው 2400 ነው።

የመጨረሻዋ ፊደል ዓይነቱን ትናገራለች። «ኤስ» የላፕቶፕ፣ «ዩ» ተራ የዴስክቶፕ፣ «ኢ» ስህተት የሚያርም፣ «አር» ደግሞ የሰርቨር ራም ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከ3 ቀጥላ የምትመጣው «ኤል» ዝቅተኛ ቮልቴጅ ማለት ናት፤ መጨረሻ ላይ የምትመጣው «ኤል» ግን ሌላ ዓይነት የሰርቨር ራም ናት። ፊደሏ አንድ ብትሆንም ቦታዋ ትርጉሟን ይለውጠዋል።

ቮልቴጅ

ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት ይሠራል፣ ዲዲአር3ኤል በ1.35። ዲዲአር3ኤል ሁለቱንም ይችላል፤ በ1.5 ቮልት የሚሠራ የቆየ ላፕቶፕ ላይ ቢገባ ያለ ችግር ይነሳል። ተገላቢጦሹ አይሆንም። የኢንቴል 4ኛ ትውልድ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ለራም 1.35 ቮልት ብቻ ነው የሚሰጡት፤ 1.5 የሚፈልገው ራም እዚያ ላይ ኃይል አንሶት ዝም ይላል። የመግቢያው ኤሊትቡክ 4ኛ ትውልድ ነው፤ ዲዳ የሆነው ለዚህ ነው።

የፕሮሰሰሩን ትውልድ ማወቅ ቀላል ነው፦ አይ5-2520ኤም ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 2 ትውልዱ ነው፣ አይ5-3320ኤም 3ኛ፣ አይ5-4300ዩ 4ኛ። ከሰረዙ በኋላ ሦስት አኃዝ ብቻ ካለ፣ እንደ አይ5-520ኤም፣ 1ኛ ትውልድ ነው። 6ኛው ትውልድ ላይ ግን ፕሮሰሰሩ ብቻውን አይነግርዎትም፤ ዲዲአር3ኤልንም ዲዲአር4ንም ስለሚቀበል የሚወስነው ማዘርቦርዱ ላይ የተሠራው ስሎት ነው። ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ዲዲአር4 ይወስዳል፤ ሌላ የ6ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ደግሞ ዲዲአር3ኤል ሊል ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው፦ ለላፕቶፕ ዲዲአር3 የሚገዙ ከሆነ ሁልጊዜ ዲዲአር3ኤል ይግዙ። ለአሮጌውም ለአዲሱም ይሆናል፤ ነገ ላፕቶፕ ቢቀይሩም ይዘውት ይሄዳሉ። ስቲከሩ ከደበዘዘ የክፍሉ ቁጥር ይረዳል። ሳምሰንግ ራም ላይ ከሰረዙ በኋላ «ሲኬ0» ካለ 1.5 ቮልት፣ «ዋይኬ0» ካለ 1.35 ቮልት ነው፤ የ1333ቱ ደግሞ «ሲኤች9» እና «ዋይኤች9» ናቸው። «ዋይ»ን ካዩ ይውሰዱ።

ቺፑን ቁጠሩ

አሁን ወደ «2አር×8»። በእኛ ግምት ከሁሉም በላይ ሰው የሚያልፈው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚጎዳው ይህ ነው።

«×8» ማለት እያንዳንዱ ቺፕ በአንድ ጊዜ 8 ቢት ያቀብላል ማለት ነው። 64 ቢት ለመሙላት 8 ቺፕ በአንድነት መሥራት አለባቸው፤ ያ የ8 ቺፕ ቡድን ራንክ ይባላል። «1አር» አንድ ቡድን ነው፣ 8 ቺፕ። «2አር» ሁለት ቡድን፣ 16 ቺፕ፤ አብዛኛውን ጊዜ 8 ከፊት 8 ከኋላ።

ሁለት 4 ጊጋ ራም ያስቡ። አንዱ 16 ቺፕ አለው፤ እያንዳንዱ ቺፕ 256 ሜጋባይት፣ ማለትም 2 ጊጋቢት ይይዛል። ሌላው 8 ቺፕ ብቻ አለው፤ እያንዳንዱ 512 ሜጋባይት፣ ማለትም 4 ጊጋቢት ይይዛል። ሁለቱም 4 ጊጋ፣ ሁለቱም ፒሲ3-10600። ለኮምፒውተሩ ግን አንድ አይደሉም።

የሜሞሪ ተቆጣጣሪው ቺፑ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቦታ በአድራሻ ነው የሚጠራው፤ ረድፍ ይህን ያህል፣ ዓምድ ይህን ያህል እያለ። ሲሠራ የተሰጠው የአድራሻ መስመር የተወሰነ ነው። ሁለት አኃዝ ብቻ የሚጻፍበት የመጋዘን መዝገብ ቢኖር 99ኛው መደርደሪያ ላይ ያበቃል፤ መጋዘኑ 200 መደርደሪያ ቢኖረውም 100ኛውን የሚጠራበት መንገድ የለውም። ቺፑ ተቆጣጣሪው ከሚያውቀው በላይ ሲሆን የሚፈጠረው ይኸው ነው። አንዳንዱ ማዘርቦርድ ግማሹን ብቻ ያያል፣ አንዳንዱ ይጮኻል፣ አብዛኛው ዝም ብሎ ስክሪኑን ጨለማ ያደርገዋል።

ይህን በግልጽ የምናየው ጂ41 ቺፕሴት ባላቸው የኮር 2 ዱዎ ዴስክቶፖች ላይ ነው። ዲዲአር3 ስሎት ያላቸው የጂ41 ማዘርቦርዶች የሚያውቁት ቺፕ ትልቁ 2 ጊጋቢት ነው። ስለዚህ 4 ጊጋ ራም የሚቀበሉት 16 ቺፕ ያለውን ብቻ ነው። ዛሬ «አዲስ 4 ጊጋ ዲዲአር3» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ በብዛት 8 ቺፕ ያለው ነው። ሰውየው አዲስ ራም ይገዛል፣ አይነሳም፣ ይመልሳል፣ ሌላ አዲስ ይሰጡታል፣ እሱም አይነሳም፤ በመጨረሻ ማዘርቦርዱ ላይ ይፈረዳል። ሁለቱን ገጽ አገላብጦ ቺፑን ቢቆጥር ኖሮ ጉዳዩ ሱቁ ውስጥ ያልቅ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ያገለገለ፣ በሁለቱም ገጽ ቺፕ የተደረደረበት ራም ከአዲሱ ይሻላል።

ኮር አይ ላይ ስንመጣ ከ2ኛ እስከ 4ኛ ትውልድ ያሉት 4 ጊጋቢት ቺፕ ድረስ ያውቃሉ። ስሌቱ ቀጥ ያለ ነው፦ 16 ቺፕ፣ እያንዳንዱ ግማሽ ጊጋባይት፣ 8 ጊጋ። በአንድ ስሎት የሚቀበሉት ትልቁ ራም ስለዚህ 8 ጊጋ ነው። ሁለት ስሎት ያለው ላፕቶፕ 16፣ አራት ስሎት ያለው እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ያለ ዴስክቶፕ 32 ይደርሳል። አንድ ቁራጭ ባለ 16 ጊጋ ዲዲአር3 አለ፣ ይሸጣል፤ የሚነሳው ግን ከ5ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። 8 ጊጋ ተብሎ 8 ቺፕ ብቻ ያለው ዲዲአር3ኤል ቢያጋጥም፣ ስሌቱን ሲሠሩት እያንዳንዱ ቺፕ 8 ጊጋቢት ይሆናል፤ ከ5ኛው ትውልድ በታች ላለ ማሽን አይግዙት።

የአምራቹ መመሪያ ላይ የተጻፈውን ጣሪያ በተመለከተ፣ ሁልጊዜ የመጨረሻ ቃል አይደለም። አፕል ለ2011 እና ለ2012 እ.ኤ.አ. ሬቲና ላልሆነው ማክቡክ ፕሮ 8 ጊጋ ብሎ ነው የጻፈው፤ ሁለት 8 ጊጋ ሲገባባቸው 16ቱንም ያያሉ። ፕሮሰሰሩ የሚችለውን ያህል መሞከር ይቻላል። ቺፕሴቱ ራሱ የዘጋውን ግን ምንም አይከፍተውም። 945ጂኤም ቺፕሴት ያላቸው ላፕቶፖች ላይ ሁለት 2 ጊጋ ይገባል፤ የሚታየው ግን ወደ 3 ጊጋ ገደማ ነው፣ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ቢጫንባቸውም። አቶም ኤን270 ያላቸው ትንንሾቹ ኔትቡኮች ደግሞ 2 ጊጋ ላይ ያበቃላቸዋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር፦ ለዴስክቶፕ የሚሆን ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር2 ከሌላው በእጅጉ ረክሶ «ለኤኤምዲ ብቻ» የሚል ካለበት፣ ማስጠንቀቂያው የእውነት ነው። የቺፑ አድራሻ አደረጃጀት የተለየ ስለሆነ ኢንቴል ላይ አይነሳም።

የሰርቨር ራም

ርካሽ 8 ጊጋ ዲዲአር3 የዴስክቶፕ ራም ካገኙ መጀመሪያ የስቲከሩን መጨረሻ ይመልከቱ። «አር» ካለ ከሰርቨር የወጣ ነው። ከተራው የዴስክቶፕ ራም ጋር ቅርጹም ቅርጭቱም አንድ ስለሆነ ስሎቱ ውስጥ ይገባል፣ ተራ ዴስክቶፕ ላይ ግን አይሠራም። ስቲከር ከሌለው ቺፑን ይቁጠሩ፦ በ8 ፋንታ 9 ቺፕ ከተደረደረ ዘጠነኛው የስህተት ማረሚያ ነው፤ መሐል ላይ ደግሞ ቅርጹ ከሌሎቹ የተለየ ቺፕ ካለ ያ ሬጂስተሩ፣ ማለትም ትእዛዙን ተቀብሎ ለቺፖቹ የሚያስተላልፈው ነው። የሰርቨር ራም ከተራ ራም ጋር በአንድ ማሽን ተቀላቅሎ አይሠራም።

ፍጥነትና ጥምረት

ፍጥነት ላይ ሰው ከሚገባው በላይ ይጨነቃል። 1333 እና 1600 አንድ ላይ ቢገቡ ሁለቱም በ1333 ይሠራሉ። 1333 ብቻ የሚችል ማሽን ላይ 1600 ቢገባ ራሱን ዝቅ አድርጎ በ1333 ይሄዳል። ስለዚህ ፈጣኑ በዋጋ እኩል ከሆነ ፈጣኑን ይግዙ፤ ውድ ከሆነ ይተዉት። ለጌም የሚሸጡ፣ 2133 ወይም 2400 የተጻፈባቸው፣ አልሙኒየም ልብስ የለበሱ ዲዲአር3 ራሞች የቢሮ ዴስክቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ በ1333 ወይም በ1600 ነው የሚሠሩት፤ የተጻፈውን ፍጥነት ለማግኘት ባዮሱ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለውን የፍጥነት ምርጫ መክፈት ያስፈልጋል፣ የቢሮ ማሽኖች ደግሞ አብዛኛዎቹ ያ ምርጫ የላቸውም። ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ፕሮግራም ፍጥነቱን ሲያዩ 800 ቢልዎት አልተታለሉም፤ ፕሮግራሙ ግማሹን ነው የሚያሳየው፣ 1600 ማለት ነው።

ከፍጥነቱ ይልቅ የሚታወቀው ሁለት ራም ጥንድ ሆኖ መሥራቱ ነው። አንድ 8 ጊጋ ከሚሆን ሁለት 4 ጊጋ ቢሆን ተቆጣጣሪው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይጠቀማል፤ በተለይ የብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮና ጌም ይሻሻላል፣ ግራፊክሱ የሚበላው ከዚያው ራም ነውና። 4 እና 8 ቢያጣምሩም ክፋት የለውም፤ ኢንቴል ላይ 4ቱ ከ8ቱ ግማሽ ጋር ይጣመራል፣ የቀረው 4 ብቻውን ይሠራል። ዴስክቶፕ ላይ አራት ስሎት ካለ ጥንዶቹን ተመሳሳይ ቀለም ባላቸው ስሎቶች ያስገቡ፤ አንዳንድ ማዘርቦርድ ቀለሙን በተቃራኒው ስለሚጠቀም፣ ካልተጣመሩ ሲፒዩ-ዚ ላይ አይቶ ማቀያየር ነው።

ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከተጫነ 4 ጊጋ ጣሪያው ነው፤ ከዚያም ውስጥ ግራፊክሱና ሌሎች ክፍሎች አድራሻ ስለሚወስዱበት የሚቀረው ከ3 እስከ 3.5 ጊጋ ነው። 8 ጊጋ ጨምረው 3.2 ቢያሳይዎ ራሙን አይመልሱ፤ ባለ 64 ቢቱን ይጫኑ። ዊንዶውስ 7 ሆም ቤዚክ ደግሞ 64 ቢት ሆኖም 8 ጊጋ ላይ ያቆማል።

ሲገዙ

ማሽኑ ውስጥ ያለውን ራም ነቅለው ሁለቱንም ገጽ በስልክ ያንሱ፤ ስቲከሩ እንዲነበብ፣ ቺፖቹም እንዲቆጠሩ ሆኖ። ራሙን ከዲሲ ወይም ከዱባይ የሚያመጣልዎ ዘመድ ካለ ይህ ፎቶ የግድ ነው። «ዲዲአር3 8 ጊጋ ለላፕቶፕ» ብቻ ብለው ከላኩ ከላይ ከተዘረዘረው ውስጥ ግማሹ ሊሳሳት ይችላል፤ በሻንጣ የመጣ ራም ደግሞ ተመላሽ የለውም። ቢያንስ አራት ነገር ይጻፉለት፦ ፒሲ3ኤል መሆኑን፣ መጨረሻው «ኤስ» መሆኑን፣ በአንድ ቁራጭ ስንት ጊጋ እንደሆነና «2አር×8» እንደሚሻል። ባለ ሁለት ራንኩ 8 ጊጋ ከ2ኛ ትውልድ ወዲህ ላለ ባለ ዲዲአር3 ላፕቶፕ ሁሉ የሚያዋጣ ነው።

እዚሁ ከሱቅ ያገለገለ ሲገዙ ላፕቶፑን ይዘው ይሂዱ፤ እዚያው ይግባ፣ እዚያው ይነሳ። ስቲከሩ በቀላሉ ስለሚቀየር ከተነሳ በኋላ ሲፒዩ-ዚ ውስጥ «ኤስፒዲ» የሚለውን ከፍተው ስሎት በስሎት ያስተያዩ፦ የአምራቹ ስም፣ የክፍሉ ቁጥር፣ መጠኑ። ይህ መረጃ ራሙ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ ነው፤ ስቲከሩ አንድ አምራች ብሎ ውስጡ ሌላ ካለ ይለፉት። የወርቃማው ጥርስ መቧጨር ብቻውን አያስፈራም፣ ከስሎት የወጣ ራም ሁሉ ይቧጨራል፤ የጠቆረ ወይም አረንጓዴ የያዘ ጥርስ ግን እርጥበት ያየ ነው።

ማስገባትና ሲያስቸግር

ኮምፒውተሩን አጥፍተው ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡት፣ ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ኮኔክተሩን ይንቀሉ። ከዚያ የፓወር ቁልፉን 15 ሰከንድ ያህል ተጭነው የቀረውን ኃይል ያፍስሱ። ይህን መዝለል አያዋጣም፤ «ስሊፕ» ላይ ያለ ላፕቶፕ ጠፍቷል ተብሎ ራም ሲነቀልበት ማዘርቦርድ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። እጅዎ የያዘውን የኤሌክትሪክ ክስ ለማስወገድ የማሽኑን ብረት ይንኩ፤ ምንጣፍና የሱፍ ልብስ ላይ ሆነው አይሥሩ። ራሙን ሁልጊዜ በጠርዙ ይያዙ።

የላፕቶፕ ራም በ30 ዲግሪ ገደማ አጋድመው ወርቁ በጭንቅ እስኪታይ ድረስ ይገፉትና ቀጭ እስኪል ወደ ታች ይጫኑታል። ወርቁ ሰፋ ብሎ ከታየ ገና አልገባም። የዴስክቶፑን ቀጥ አድርገው ከሁለቱም ጫፍ በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ከሚገምቱት በላይ ኃይል ይፈልጋል፣ መያዣዎቹ ግን ራሳቸው ካልተዘጉ ጨርሶ አልገባም። ከተቀየረ በኋላ መጀመሪያ ሲበራ ስክሪኑ ቢዘገይ፣ አንዴም ቢጠፋና ተመልሶ ቢነሳ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይታገሱት፤ አዲሱን ራም እየለካ ነው።

ከዚያ በላይ ጨለማ ከሆነ አዲሱን ብቻውን፣ አሮጌውን ብቻውን፣ በየስሎቱ ይሞክሩ። አዲሱ ብቻውን ከተነሳ ከአሮጌው ጋር አለመስማማት ነው፤ ሁለቱን ቦታ ማቀያየር ወይም ባዮሱን ማዘመን አንዳንዴ ይፈታዋል። ብቻውንም ካልተነሳ ወደ ቮልቴጁና ወደ ቺፑ ቁጥር ይመለሱ። ጥርሱን በላጲስ ማሸት የተለመደ ነው፣ ይሠራልም፤ ግን በስሱ፣ ፍርፋሪው ስሎት ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቅቀው። ጠንከር ያለ አልኮል የነካ ጥጥ ይሻላል፣ እስኪደርቅ ጠብቀው ያስገቡት። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ሙሉው መጠን ካልታየ ደግሞ «ኤምኤስኮንፊግ» ውስጥ፣ «ቡት» በሚለው ሥር ባለው ተጨማሪ ምርጫ፣ «ማክሲመም ሜሞሪ» ላይ ምልክት ተደርጎ እንደሆነ ይዩ። «ፍጥነት ይጨምራል» ተብሎ በየቪዲዮው የሚነገር ምክር ነው፤ አይጨምርም፣ የተጻፈውን ያህል ብቻ እንዲታይ ያደርጋል።

ሁሉም የሠራ ሲመስል አንድ ሌሊት ይቀራል። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ ጭነው ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሱና አድሮ እንዲሠራ ይተዉት፤ መብራት እንዳይቋረጥበት ላፕቶፑን ባትሪው ውስጡ እንዳለ ቻርጀር ላይ ያድርጉት። የተበላሸ ራም ወዲያው አይታወቅም፤ ከሳምንት በኋላ በሰማያዊ ስክሪን፣ ወይም አልከፈት በሚል ፋይል ይመጣል። አንድም ቀይ መስመር ከታየ ስህተት አለ፤ «አንድ ብቻ ነው» አይባልም። ከመመለስዎ በፊት ግን ያንኑ ራም በሌላኛው ስሎት ይፈትኑት። ስህተቱ ከራሙ ጋር ከተዛወረ ራሙ ነው፤ በዚያው ስሎት ላይ የትኛውም ራም ሲገባ ስህተት የሚመጣ ከሆነ ግን የታመመው ስሎቱ ነው፣ ሻጩም ዕዳ የለበትም።